የጉንጬ ቁስልና የደሜ ጠያቂ

ግራ ጉንጬን አይቶ ከንፈሩን የማይመጥ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ጠባሳው ከዓይኔ ሥር ይጀምርና የአፍንጫዬን ክንፍ ገምጦ እስከ ከንፈሬ ዳር ይወርዳል። ሴቶች ሲያዩት ደረታቸውን እየደቁ "ውይ እናቴ! ምን አገኘሽ?" ይሉኛል። ወንዶች ደግሞ ጀግኖች ስለሆኑ እኔን ሳይሆን አጠገቤ ያለውን ሰው ይጠይቃሉ። አንዱ የጣሊያን ቦምብ ነው ይላል። ሌላው ጅብ ነው ብሎ ይምላል። ባሏ ቀንቶ በምላጭ ቀደዳት ያለም አለ። ይሄኛውን ስሰማ ሆዴን ይዤ ነው የምስቀው። ባሌ የነበረው ሰውዬ ዶሮ ሲያርድ እንኳ ክንፏን የሚይዝለት ሰው ካላገኘ አይደፍርም ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። መጻፍ ከቻልኩ አይቀር ነገሩን በራሴ እጅ ላስቀምጠው ብዬ ተነሳሁ። እናንተም አንብባችሁ ስትጨርሱ ከንፈር መምጠጡን ለሚገባው ሰው ታደርጉታላችሁ።

የሆነው በጣሊያን ጊዜ ነው። አገሬ ቀወት ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ፣ ሮቢ ወንዝ ዳር። እናቴ እኔን ወልዳ በአራስነቷ ሞተች። ለቀብር የመጣው ሰው ለእሷ ሲያለቅስ እኔ በረሃብ አለቅስ ነበር አሉ። ያን ጊዜ ጎረቤታችን ፋጡማ የራሷን ልጅ ሁሴንን ታጠባ ነበር። በለቅሶተኛው መካከል አልፋ ከአክስቴ እጅ ተቀበለችኝና ጡቷን አጎረሰችኝ። እኛ ክርስቲያን ነን፣ እሷ እስላም ናት። ማንም ምንም አላላትም። እኔና ሁሴን ጡት እስክንጥል ድረስ ግራና ቀኝ ተካፍለን አደግን። ድክ ድክ ስል ደግሞ ምድጃ ላይ ወድቄ ግራ ጉንጬን እሳት ላሰኝ። የሚያብለጨልጭ ለስላሳ ጠባሳ ተወልኝ። ከእሱ በቀር መልኬ አያስከፋም ነበር፤ ይሄን ስል እናንተ አትፈሩልኝ፣ እኔ አላፍርም።

ታፈሰ ያገባኝ ለመልኬም ለጸባዬም አልነበረም፤ ለአባቴ መሬት ነው። ቁመት ነበረው፣ ጢም ነበረው፣ ከዚያ በኋላ የሚጠቀስ ነገር አልነበረውም። ልጅ አልወለድንም። አባቴ ከሞተ በኋላ የቀረኝ የሥጋ ዘመድ ታላቅ ወንድሜ አስፋው ብቻ ሲሆን፣ ጣሊያን ሲገባ እሱ የአያታችንን ጠመንጃ አንግቶ ከደብረ ሲና በላይ ባለው ገደል ውስጥ ካሉት አርበኞች ጋር ተቀላቀለ። ታፈሰ ግን አልሸፈተም። ማሽላው እስኪታጨድ ነው አለ። ማሽላው ታጨደ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ማሽላ ታጨደ።

ቁስሉ የወጣው በዚያው በልጅነቴ ጠባሳ ላይ ነው። መጀመሪያ የምስር ፍሬ ታህል ነበር። ስትደርቅ እከኳ ይነሳል፣ ሲነሳ ይደማል፣ ከዚያ ደግሞ ሰፍታ ትመጣለች። ቅቤ ቀባሁ፣ ቅጠል አሰርኩ፣ ጠበል ተጠመቅኩ። ወጌሻው ብረት አግሎ ሊተኩሰው መጣና በጣቱ ጫር ካደረገው በኋላ ብረቱን አስቀመጠ። "ይሄ ነቀርሳ ነው፤ ሥር አለው። እኔ አልነካውም" ብሎ ሄደ። እየቆየ መሽተት ጀመረ። ታፈሰ ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ መብላት ተወ። ለጎረቤት ግን "ሆዴን አሞኝ ነው" ይል ነበር። ለሌላው ጨዋ መምሰል ይወዳል።

ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ጣሊያኖቹ የመንገድ ሥራ ሰፈር ነበራቸው። በድንኳን ውስጥ ሐኪም አለ ተባለ። ሰው "ዶቶሬው" ይለዋል። ልሂድ ስል ታፈሰ እምቢ ይለኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ጢሙን ቅቤ ቀብቶ፣ ከእኔ ቀድሞ ከበር ቆመ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ሞኝ መሆን ለካ እንደዚያ ደስ ይላል።

ዶቶሬው አጭር፣ ክንዱ ጠጉራም፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነበር። ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ ነጠላዬን ገለጠና የበቅሎ ጥርስ እንደሚያይ ሰው አገጬን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረኝ። ቁስሉን ዳር ዳሩን በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ነካካው። ከዚያ ለአስተርጓሚው ተናገረ። አስተርጓሚው ነጭ ጫማ ያደረገ፣ የእኛን ቆላ አቧራ እንደ ስድብ የሚቆጥር ጎረምሳ ነበር። እኔን ሳያይ ነገረኝ።

"ነቀርሳ ነው ይልሻል። ካልተቆረጠ ዓይንሽን ይበላል። ከዚያ ጭንቅላትሽ ይገባል። ከዚያ ትሞቻለሽ።"

"ከተቆረጠስ?"

"አሁን ከተቆረጠ ልትድኚ ትችያለሽ። ትንሽ ከቆየ አይሆንም።"

"እንግዲያው ይቁረጠዋ! ምን ይጠብቃል?"

"አይሆንም። ትእዛዝ አለ" አለ አስተርጓሚው።

ትእዛዙ እንዲህ ነው። ከእኔ በፊት አንድ ሰው እዚያው ድንኳን ውስጥ ሲቆረጥ ሞቶ ነበር። ዘመዶቹ ደሙን ሊበቀሉ ወንዙ መሻገሪያ ላይ አድፍጠው ለጣሊያን ያደረ አንድ ወታደር፣ አስካሪ፣ ገደሉ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ አዛዥ፣ ማጆሩ፣ ከአንድ ሰው የኛን አገር ልማድ ተማረ። በኛ አገር ወጌሻ እንኳ ስለት ከማንሳቱ በፊት የበሽተኛው ወገን በሽማግሌ ፊት ቆሞ "ቢሞት ደሙ ደመ ከልብ ነው" ይላል። የውሻ ደም ነው፣ ቢፈስ የሚጠይቅ የለም ማለት ነው። ይሄ ካልተባለ የሚቆርጥ አይገኝም። እንግዲህ ማጆሩም ይሄን ቃል ሳይሰማ ዶቶሬው ሐበሻ እንዳይነካ አዝዟል። የኔን ቃል የሚሰጠው ደግሞ ባሌ ነው አለ። በእሱ አገር ሴት የባሏ ስለሆነች በኛም አገር እንደዚያ መሰለው።

"ፈጥናችሁ ጨርሱ። ዶቶሬው ከገበያው ማግስት ወደ ደሴ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሐኪም የለም" አለ አስተርጓሚው።

ጊዜው ይሄን ያህል አጭር ነበር። የቀረው የታፈሰ አንዲት ቃል ነው።

በማግስቱ በሰፈሩ በር ላይ ካለው ዋርካ ሥር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ማጆሩ ወንበር አስመጥቶ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አባባ ተክሌ ናቸው። እናቴን የቀበሩ፣ አባቴን የቀበሩ፣ ከንግግራቸው ዝምታቸው የሚበዛ ሰው ናቸው። ደም የሥጋ ዘመድ እንጂ የባል እንዳልሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ነገር ግን ይሄን ከተናገሩ "የሥጋ ዘመዷ ማነው?" ይባላል። ወንድሜ አርበኛ ነው። ስለዚህ ዝም አሉ። ከእሳቸው ጋር የተቀመጡትም መሬት መሬት እያዩ ዝም አሉ። ፈርተው ዝም ሲሉ አስተዋዮች ይመስሉ ነበር።

ታፈሰ ተጠራ። ካፖርቱን አስተካክሎ ቆመ፤ በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሶ ነበር። ቃሉን ይናገራል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን አሳዝኖ "እንዴት አድርጌ? የሚስቴን ደም እንዴት አድርጌ የውሻ ደም ነው ልበል? አንጀቴ አይችልም!" አለ።

ከኋላዬ የቆሙት ሴቶች አለቀሱ። "እንዲህ ነው ባል!" አለች አንዷ። እኔም ለአንድ አፍታ ሆዴ ባባ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ከዚያ ታፈሰ ወደ አስተርጓሚው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔ ግን አጠገቡ ነበርኩ።

"ለመንግሥት ብዬ ደሟን ብተው፣ መንግሥትስ ለእኔ ምን ያስብልኛል? የሰፈራችን ሹም ሞቷል። ቦታው ባዶ ነው።"

አስተርጓሚው ለማጆሩ ነገረው። ማጆሩ ሳቀ፣ ዶቶሬውን ጎሰም አድርጎ አንድ ነገር አለውና ዶቶሬውም ሳቀ። "ያስብበታል" አለ አስተርጓሚው።

"እኔም አስብበታለሁ። የሹመት ካባውን የለበስኩ ዕለት ቃሉን እሰጣለሁ" አለ ታፈሰ።

ሽማግሌዎቹ ተነሱ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። እኔም ሕይወቴን በጨረታ ላይ ትቼ ከሻጩ ኋላ ኋላ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ሰው እያስቆመ ታፈሰን "አይዞህ" ይለው ነበር። እሱም ዓይኑን ይጠርጋል።

ቤት ስንደርስ ጠየቅኩት። ያን ጊዜ ባልን አንቱ ነበር የምንለው።

"ዶቶሬው ሳይሄድ ማጆሩ ባይሾምዎትስ?"

"ይሾሙኛል። ሰው ይፈልጋሉ።"

"ባይሾሙዎትስ?"

"ታገሺ እንጂ! ሹም ስሆን አንቺም የሹም ሚስት ትሆኛለሽ።"

"በየትኛው ፊቴ?"

"ፊትሽማ ድሮም ጠባሳ ነበር" አለኝና መጎናጸፊያውን ተከናንቦ ተኛ። ወዲያው አንኮራፋ።

ቁስሌን ዝንብ እንዳይነካው በነጠላዬ እያራገብኩ ተቀመጥኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሞትን እፈራ ነበር። ስለቱንም እፈራ ነበር። ያንን ማንኮራፋት እየሰማሁ ግን በሆዴ ውስጥ ፍርሃቱ የነበረበት ቦታ ሌላ ነገር ሲገባበት ተሰማኝ። ንዴት መሰለኝ። ንዴት አልነበረም፤ ንዴት ለእኩያ ነው። ሰውዬውን ናቅኩት። ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ከነጢሙ ናቅኩት። እንደዚህ ያለ ሰው በያዘው ነገር መሞት ደግሞ ውርደት ሆኖ ታየኝ።

በማግስቱ የሸዋ ሮቢት ገበያ ነበር። ሁሴን ከአሊዩ አምባ ጥጥና ጨው በግመል እያመጣ ይነግዳል። ግመሎቹን አስተኝቶ በግራር ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ አሳየሁት። አልሸሸም፤ ቀረብ ብሎ አየው።

"ያ ረቢ! አጸደ፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ለምን አልላክሽብኝም?"

"አሁን ራሴን ልኬያለሁ። ስማኝ ሁሴን፣ ደሜን የሚተውልኝ ሰው እፈልጋለሁ" ብዬ ሁሉንም ነገርኩት።

ጨርሼ ሳበቃ ፂሙን ያሻሻል፣ ግመሎቹን ያያል።

"ባልሽ እያለ እኔ ምን ሆኜ እቆማለሁ?"

"የእናትህን ጡት አልጠባሁም?"

"ጠብተሻል። በእኛ ሃይማኖት አንድ ጡት የጠባ ወንድምና እህት ነው። አንቺን ማግባት እንኳ ለእኔ ሐራም ነው። የእናንተ ሽማግሌዎች ግን ይቀበሉታል ወይ?"

"አባባ ተክሌ በለቅሶው ላይ ነበሩ። አይተዋል።"

"አይተው ዝም ቢሉስ?"

"ዝም ካሉ እሞታለሁ" አልኩት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

"ደመ ከልብ በል ይሉኛል እኮ፤ እህቴን" አለ ሁሴን፤ ድምፁ ተሰበረ። ታፈሰ በዋርካው ሥር ያወጣው ድምፅ ይሄን ለመምሰል የሞከረ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሴን ግመሎቹን ለባልንጀራው አደራ ሰጠና በዚያው ዕለት ከእኔ ጋር ወደ ሰፈሩ ሄደ። ገበያተኛው ከኋላችን ተከተለ። ሰው ሌላው ሲሞት ለማየት ሥራ አይፈታም አትበሉ፤ ሽንኩርቱን ሳይሸጥ የመጣ አለ።

አባባ ተክሌና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ከገበያው ተጠርተው በዋርካው ሥር ተቀመጡ። ማጆሩም ወሬ ሰምቶ ወጣ። ታፈሰ እየሮጠ መጣ፤ ካፖርቱን ለመልበስ ጊዜ አላገኘም።

"ምን ፈለግሽ?" አለኝ አስተርጓሚው።

"ደሜ የባሌ አይደለም" አልኩ ጮክ ብዬ። "በአገራችን ደም የሚጠይቀው የሥጋ ዘመድ ነው። ባል ደሜን ሊተውም ሊሸጥም አይችልም። ሽማግሌዎቹ ይመስክሩ።"

ማጆሩ ሲተረጎምለት ቅንድቡን አነሳ። አስተርጓሚው መለሰልኝ።

"የማን ነው ታዲያ? የሥጋ ዘመድሽ ማነው?"

ሁሉም ሰው የአስፋውን ስም ያውቃል፣ ሁሉም እግሩን ያያል። ታፈሰ ብቻ አፉን ከፈት አደረገ። ሊናገር ነው፤ ወንድሜን ሊጠራ ነው አልኩ በልቤ። ሁሴን ቀደመው።

"እኔ ነኝ። የእናቴን ጡት ጠብታለች። ወንድሟ ነኝ።"

አስተርጓሚው ከት ብሎ ሳቀ። "አንተ እስላም፣ እሷ ክርስቲያን! ጡት ነው ዝምድና?" ብሎ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "እንዲህ ያለ ልማድ አላችሁ?"

ሌሎቹ አባባ ተክሌን አዩ። አባባ ተክሌ ታፈሰን አዩ። ነገ ሹም ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ አጥራቸው ከአጥሩ ጋር የተያያዘ ነው። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አንከባለሉት። አቤት፣ ያን ጊዜ እንዴት ናቅኳቸው! አንድ ሽማግሌ ያየውን ለመናገር ያን ያህል ማማጥ አለበት? በመጨረሻ ተነሱ።

"አጥብታታለች። በለቅሶው ላይ፣ በሕዝብ ፊት አጥብታታለች። እኔ አይቻለሁ። በሕዝብ ፊት የጠባ ልጅ ልጅ ነው፤ ልጇ ወንድሟ ነው" አሉ።

ይሄን ጊዜ ታፈሰ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ዕቃው ከእጁ እያመለጠ መሆኑን አየ። ወደ መካከል ዘሎ ገባና ሁለት እጁን ወደ ማጆሩ ዘርግቶ መጮህ ጀመረ።

"ትቻለሁ! ደሟ ደመ ከልብ ነው! ደመ ከልብ ነው! ምንም አልጠይቅም! ካባውንም በኋላ ስጡኝ!"

ትናንት አንጀቱ ያልቻለው ሰው ነው። ትናንት "እንዲህ ነው ባል" ያለችው ሴት ከኋላዬ ነበረች፤ ዞር ብዬ አየኋት፣ መቀነቷን ትፈታለች ታጠብቃለች። ማጆሩ ጭኑን እየመታ ሳቀ። እኔ ወደ ታፈሰ ተጠጋሁ። አንቱታውን እዚያው ጣልኩት።

"አንተ፣ ዝም በል። የሌለህን ነገር ነው የምትተወው።"

አባባ ተክሌ በምርኩዛቸው ገለል አደረጉትና ሁሴንን ጠሩት። ሁሴን መጀመሪያ ወደ እኔ መጣ። "አፉ በይኝ አጸደ፣ ይቅር በይኝ" አለኝ፤ እንባው ፂሙ ላይ ይወርድ ነበር። "አፉ ብዬሃለሁ" አልኩት። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ደሟ የእኔ ነው። በዚህ ሐኪም እጅ ብትሞት አልጠይቅም፣ ዘሬም አይጠይቅም። ደሟን ለአላህ ሰጥቻለሁ።"

"ደመ ከልብ በል!" አለ አስተርጓሚው። "ማጆሩ ልማዱን እንዳለ ነው የሚፈልገው።"

"አልልም።"

"አትቆረጥማ!"

"እህቴ ውሻ አይደለችም። አልጠይቅም ብያለሁ፣ ለአላህ ሰጥቻለሁ ብያለሁ። ከዚህ በላይ ከአፌ አይወጣም።"

የኔ ዓይንና የኔ ሕይወት በዚያች በአንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠሉ። በል ሁሴን፣ ምን ቸገረህ፣ ቃል ናት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አላልኩም። ሞትም ቢሆን እንደዚያ የሚከራከርልኝ ሰው ፊት መሞቱ ከታፈሰ ጋር ከመኖር ተሻለኝ። አባባ ተክሌ ለአስተርጓሚው በቁጣ "ይበቃል! ልማዱ የእኛ ነው። ይበቃል ካልን ይበቃል። ለጌታህ እንደዚያ ብለህ ንገረው" አሉት። ካወቅኳቸው ጀምሮ ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማጆሩ ሳቁ አልቆለት፣ ሙቀቱም አስመርሮት ነበር መሰለኝ፣ እጁን አወናጨፈ። ዶቶሬው ሲጋራውን ረገጠና ወደ ድንኳኑ ጠቀሰኝ።

በጠባብ አልጋ አስተኙኝ። ጉንጬን በመርፌ ብዙ ቦታ ወጋጉኝ፤ የሚያደነዝዝ ነው አሉ። ሁለት አስካሪዎች እጅና እግሬን ሊይዙ መጡ።

"ይውጡ። አልንቀሳቀስም" አልኩ።

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው" አለ አስተርጓሚው።

"ይውጡ!"

ዶቶሬው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ አስወጣቸው። መድኃኒቱ ላዩን አደነዘዘው እንጂ ሥሩን አላገኘውም። ስለቱ ሲገባ የሚቀደድ ሸማ ድምፅ ሰማሁ። ደሙ ወደ ጆሮዬ ወረደ፣ ሞቀኝ። ዓይኔን ለመጨፈን ሞከርኩ፣ አልተቻለኝም። ዶቶሬው ጎንበስ ሲል በመነጽሩ ውስጥ ራሴን አየሁ፤ አንዱ ጉንጬ ተከፍቶ ቀይ ነገር ሆኖ። የምጮህ ሲመስለኝ ታፈሰ እጁን ዘርግቶ "ካባውንም በኋላ ስጡኝ" ሲል አስታወስኩ። ጩኸቴ ተመልሶ ወረደ። ለዚያ ሰው ጆሮ ጩኸቴን አልሰጥም አልኩ፤ በር ላይ ቆሞ እንደሚያዳምጥ አውቃለሁ። ከድንኳኑ ውጪ ሁሴን በዝግታ ቁርአን ሲቀራ ይሰማኝ ነበር። ቃሉ አይገባኝም፣ ግን ሲያቆም ይጨንቀኛል፣ ሲቀጥል እተነፍሳለሁ።

አጥንቴን ሲፍቀው ጥርሴ ተንገጫገጨ። አልተንቀሳቀስኩም። ከዚያ መስፋት መጣ፤ መስፋቱ ከመቁረጡ የባሰ ነበር። ሲጨርስ የቆረጠውን በሳህን አምጥቶ አሳየኝ። የበሰበሰ የሎሚ ግማሽ ይመስላል። ይሄ ነው እንግዲህ የኔን ዓይን ሊበላ የነበረው፣ ታፈሰንም ሹም ሊያደርግ የነበረው። ዶቶሬው አንገቴን ቸብ ቸብ አድርጎ "ብራቫ" አለኝ፤ ጭነቷን ያደረሰች በቅሎም እንደዚያው ትባላለች። እጁ ጎበዝ ነበር፣ አልክድም። ግን በምን መንገድ ከማን ጋር አገሬ እንደገባም አውቃለሁ። ስለዚህ አመሰገንኩት፣ እጁን ግን አልሳምኩም።

ትንሽ ቆይቶ ማጆሩ ፎቶ አንሺ ይዞ መጣ። መንግሥታቸው ሐበሻን እንደሚያክም፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም እንዳስታረቀ ማሳየት ፈልጎ ነው። እኔንና ሁሴንን አቁሞ ራሱ መሀል ገባ። እኔ ነጠላዬን ከራሴ እስከ አገጬ ሳብኩት፤ ሁሴን ጥምጣሙን ሊያስተካክል ጎንበስ አለና አልቀና አለ። አንድ ቦታ የአንድ ማጆር፣ የአንድ ነጠላና የአንድ ጥምጣም ፎቶ አላቸው።

ፋጡማ ቤት ተኝቼ አገገምኩ። ቁስሉ ገጠመ፣ ዓይኔ ተረፈ፣ ነቀርሳው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ታፈሰ ፋሻዬ ሲፈታ ማርና ጠቦት ይዞ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ።

"ወደ ቤትሽ ግቢ እንጂ" አለኝ። ዓይኑ ጠባሳዬን እያየ ይሸሻል።

"ሽማግሌ አምጣና ሰማንያችንን አፍርስ" አልኩት። "መሬቱ የአባቴ ነው። ጠቦቱን መልሰህ ውሰድ፣ ካባ ስትለብስ ታርደዋለህ። ክንፍ ስለሌለው የሚይዝልህ ሰው አያስፈልግህም።"

ፋጡማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ተፋታን።

ካባውን በኋላ አገኘው፣ አጠረው። ሹም ሆኖ የሠራው ነገር ቢኖር የሰው ዶሮ መብላትና "ጌታዬ በሉኝ" ማለት ነው። አርበኞቹን ሊጠቁም ሞክሮ ነበር አሉ፤ ጣሊያኖቹን ባዶ ገደል እያሳየ አድክሟቸው እነሱም መስማት ተዉት። ለክፋት እንኳ አልበቃም።

ጣሊያን ሲወጣ አስፋውና ጓደኞቹ ከገደሉ ወረዱ። በገበያ ቀን ታፈሰን እጁን አስረው እዚያው ዋርካ ሥር አቆሙት። ካባው ተገፎ ነበር። የአስፋው አለቃ ወደ ሕዝቡ ዞሮ በልማዱ ጠየቀ።

"ይሄ ባንዳ ነው። ደሙን የሚጠይቅ አለ?"

የታፈሰ ወንድሞች እዚያ ነበሩ። የአጎቱ ልጆች እዚያ ነበሩ። ሁሉም እግሩን አየ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ እኔም ሥሩ ቆሜበታለሁ። ታፈሰ ፊቱን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዞረ መጨረሻ ላይ እኔ ላይ ደረሰ።

"እኔ እጠይቃለሁ" አልኩ።

አስፋው ያበድኩ መሰለው። "አንቺ? በምን ዝምድናሽ?"

"ዘመዶቹ ቆመዋል፣ አንዱም አፉን አልከፈተ። እንግዲህ እኔ ነኝ። ብትገድለው ደሙን ከአንተ ከወንድሜ እጠይቃለሁ።"

አስፋው ጠባሳዬን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ገመዱን በጩቤ ቆረጠው።

አዘንሽለት ወይ እንዳትሉኝ። አላዘንኩለትም፤ ጥይት አይገባውም ብዬ ነው። ደግሞም የሰው ደም የውሻ ደም ነው ሲባል መስማት በቅቶኛል። ቃሉን የናቀ ሰው ሁሴን ነበር፤ እኔ ከእሱ ተማርኩ። የናቅኩትም ሰው ቢሆን ጠያቂ አጥቶ ሲቆም ማየት አልፈለግኩም። ሁለቱ ነገሮች አብረው ይሄዳሉ ወይ ብትሉ፣ በእኔ ሆድ ውስጥ አብረው ሲኖሩ ይኸው ጠጉሬ ሸበተ።

ታፈሰ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። በየገበያው ስንገናኝ ቆቡን አውልቆ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ "እትዬ አጸደ፣ ጤና ይስጥልኝ" ይላል። እኔም ሰላምታውን እቀበላለሁ፤ ግን ፊቴን አዞርና ግራ ጉንጬን እሰጠዋለሁ።